የሐምሌ ዘጠኙ ደብዳቤ

አቶ አሸብር እጇን ጨብጦ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ካለ በኋላም አልለቀቃትም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች እንዳይሰሙት ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለመሆኑ ዱዎት ወረቀቶቹን የት ነበር የሚያስቀምጠው?"

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መቅደላዊት በደንብ ያልሰማች መሰላት።

"የምን ወረቀት?"

"ተራ ነገር ነው። የቢሮ ወረቀት እሱ ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው። ስትረጋጊ ታዪዋለሽ።"

ማንጎው ሥር ከተወጠረው ሸራ ወጥቶ ጭቃውን እየዘለለ ሲሄድ በዓይኗ ሸኘችው። አሸብር እሷን በአስተማሪነት የቀጠራት የትምህርት ቢሮ የሥልጠና ኃላፊ ነው። ዱዎት ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሁለቱ ሰላም ሲባባሉ እንኳ አይታ አታውቅም። ዕቃ አውራጅ ዘንድ የምን የቢሮ ወረቀት ይቀራል?

በማግስቱ እንደገና መጣ። ወደ እሷ ግን አልቀረበም። የዱዎትን እህት ኛጋይን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ ረጅም ጊዜ አናገራት። ኛጋይ መሬት መሬቱን እያየች ራሷን ትነቀንቅ ነበር። ምን እንዳላት መቅደላዊት ስትጠይቃት "ሐዘን ነው ያወራው" ብላ የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። መቅደላዊት አላመነቻትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤት ገብቶ የሚወጣውን ሰው ሁሉ መቁጠር፣ የመኝታ ቤቱን በርም መቆለፍ አመጣች። ሴቶቹም ይህን አይተው ተንሾካሾኩ። ባሏ ሞቶ እንባ ያልወጣት ሴት ለሣጥኗ ትጨነቃለች ተባለ።

ዱዎትን ያወቀችው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ጋምቤላ በተመደበች ቀን ነው። የመጽሐፍ ሣጥኗ ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ቀርቶ ሜዳው ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ አንድ ረጅም ወጣት በተሰባበረ አማርኛ "ሐሙስ ይመጣል" አላት። ሐሙስ ዕለት ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ከማረፊያው እስከ ከተማ በእግሩ አመጣላት። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው በጦርነቱ ምክንያት ነበር። አማርኛ መጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። ወንድና ሴትን እያደባለቀ ሲጽፍ ትስቅበታለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ለሁለተኛ ዲግሪ ካልተማርኩ ብላ ተነሣች። የመጀመሪያውን ዲግሪ ያገኘችው በየክረምቱ እየሄደች፣ ልጇን አቢጋኤልን አዝላ ጭምር ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏት የሚከፍልላት ግን ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፈች። አንዱ ድርጅት ዕድሜሽ አልፏል አላት፤ ሌላው ለወጣቶች ብቻ ነው አለ። ደብዳቤዎቹን አዲስ አበባ እንዲያደርሱላት ለአውሮፕላን ሠራተኞች የሚሰጥላት ዱዎት ነበር። በመጨረሻ፣ አዲሱ ክልል የራሱ የተማረ ሰው ያስፈልገዋል ተብሎ፣ አንድ የውጭ ድርጅት ለአንድ አስተማሪ የትምህርቱንም የመኖሪያውንም ወጪ ሊችል መጣ። ዕጩውን የሚልከው ቢሮው ነው። ሚያዝያ ላይ አመለከተች። ሰኔ ላይ ሌላ ሰው ተመረጠ ተባለ። ያን ዕለት ዱዎት ራት ሳይበላ ተኛ። ስለ እሷ አዝኖ መስሏት ነበር።

በአምስተኛው ቀን የቢሮው መዝገብ ቤት ሠራተኛ እሙዬ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልታጽናናት ብላ ስለ ብዙ ነገር አወራች፤ በመሐልም ያን የትምህርት ዕድል ራሷ መተዋ ደግ እንደሆነ፣ ለጉዞው ስትዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ባሏን በወጉ ሳታስታምም ትቀር እንደነበር አነሣች።

መቅደላዊት ቀና አለች።

"ማን ነው የተወው?"

እሙዬ ደነገጠች። ከዚያ ቃል በቃል እየተጎተተ ወጣ። ፋይሉ ውስጥ ደብዳቤ አለ። ባለቤቴ በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ዕድሉን መጠቀም ስለማትችል ለሌላ እንዲሰጥ በእሷ ስም አሳውቃለሁ ይላል። የፈረመው ዱዎት ሙዎች ነው። ቦታው የተሰጠው ለአሸብር የእህት ልጅ ነው።

"አማርኛው እንዴት ነው? ስህተት አለው?"

"አንድም የለው" አለች እሙዬ፣ ጥያቄው እየገረማት።

እንግዲያው የጻፈው ዱዎት አይደለም። ግን ፈርሟል። መቅደላዊት ተነሥታ ጓዳ ገባች። ውጭ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለእሱ ይዘምራሉ፤ እሷ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ ልብሱን እያየች ቆማለች። በዚህ ልብስ ኪስ ስንት ደብዳቤዋን ይዞ ወጥቷል? ዕድሜሽ አልፏል ያሏትስ በእርግጥ እነሱ ናቸው? አሥራ አራት ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ከመጀመሪያው ጀምራ ልትጠረጥረው ተገደደች። ሞቶም ስለነበር የምትጠይቀው አልነበረም።

ኛጋይ ተከትላት ገባች።

"ወንድምሽ እንድሄድ አይፈልግም ነበር?" አለቻት መቅደላዊት ዞር ሳትል።

ኛጋይ በሩን ዘጋች። "እሱ ፈራ" አለች። "አሸብር ኤርፖርት መጣ። 'አዲስ አበባ የሄደች ሴት ተመልሳ ጋምቤላ አትመጣም' አለው። ወረቀት ጽፎ ይዞ መጣ። ዱዎት ፈረመ።"

"አንቺም ታውቂ ነበር።"

"በኋላ ነገረኝ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። ከዚያ ቢሮ ሄደ፤ ሌላ ወረቀት ራሱ ጻፈ።" ከደረቷ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። "ኮፒውን ለኔ ሰጠ። 'አሸብር ይፈልጋል፣ ደብቂ። ለሷ እኔ እነግራለሁ' አለ። ወባ ቀደመው።"

መቅደላዊት ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ሳትዘረጋ ቆየች። "ታዲያ አምስት ቀን ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ?"

"እኔም ፈራሁ። አንቺ ትሄጃለሽ፣ አቢጋኤልም ትሄዳለች። ወንድሜ ሄደ። ለኔ ማን ይቀራል?" ኛጋይ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ትናንት አሸብር ወረቀቱን ካገኘሽ ሥራ አስገባሻለሁ አለኝ። ለአንድ ወረቀት ሥራ የሚሰጥ ሰው ጥሩ ሰው አይደለም።"

መቅደላዊት ተቀብላ ላስቲኩን ፈታች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ እንዲህ ይላል፦

"እኔ ዱዎት ነኝ። የመጀመሪያ ደብዳቤ የኔ ፊርማ ነው፣ የመቅደላዊት ሐሳብ አይደለም። እሷ አያውቅም። ጥፋት የኔ ነው። እሷ ብዙ ደከመ። እባካችሁ ይማር።"

ግርጌው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ሐምሌ ዘጠኝ ቀን። መቅደላዊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልትስቅ ብላ ጮኻ አለቀሰችና ኛጋይ ትከሻ ላይ ወደቀች። ውጭ ያሉት ሴቶች ያን ጩኸት ሲሰሙ መዝሙሩ ቆመ።

ሰባተኛው ቀን እንዳለፈ በጥቁር ልብሷ ቢሮ ሄደች። አሸብር ኮሪደሩ ላይ አገኛትና ሐዘን ላይ ያለ ሰው በዚህ አይደክምም፣ እኔው ቤት ድረስ እመጣልሻለሁ አላት። አልፋው ገባች። የቢሮው ኃላፊ አቶ አጓ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ፋይሉን አስመጣ። የሁለተኛው ደብዳቤ ዋና ቅጂ ፋይሉ ውስጥ የለም። ዱዎት ባመጣው ቀን እሙዬ ይዘቱን ሳታነብ የመዘገበችበት መስመር ግን በገቢ መዝገቡ ላይ አለ። የዕጩው ስም ወደ አዲስ አበባ የተላከው ሐምሌ ሃያ ነው። አሸብር ተጠርቶ ገባና ደብዳቤው ዘግይቶ እንደደረሰ ተናገረ። አቶ አጓ ሁለቱን ቀኖች ለይቶ አነበበለት፤ ከዚያ የእህቱ ልጅ ስም በመቅደላዊት እንዲተካ ለድርጅቱ እደውላለሁ አለ።

የአዲስ አበባ ስልክ እስኪገኝ አራት ቀን ፈጀ። በየቀኑ የሆነ ሰው የሆነ ነገር አድርጎ ያበላሽብኛል እያለች ቢሮው ደጃፍ ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን ድርጅቱ ስሟን ተቀብሎ መስከረም ላይ እንድትመዘገብ ፈቀደ። አቢጋኤል እስከ ገና ኛጋይ ዘንድ እንድትቆይ ተስማሙ። ይህን ያለችው ራሷ መቅደላዊት ናት፤ ኛጋይም ሁለት ጊዜ ደግማ እንድትለው አደረገቻት።

ቅጹን የሰጠቻት እሙዬ ነበረች። መቅደላዊት እዚያው መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ሞላችው። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመን። የትዳር ጓደኛ ወደሚለው ሣጥን ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

"እሱን መሰረዝ ይቻላል" አለች እሙዬ ቀስ ብላ።

ይቅር ብላው እንደሆነ እስካሁን አታውቅም። ጎንበስ ብላ ስሙን ከነአባቱ ጻፈች። ሥራ በሚለው ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ቋሚ አድራሻ በሚለው ላይ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ ከእጅ ጽሑፏ ሁሉ መልካሙን መርጣ፣ ጋምቤላ ብላ ሞላችው።