ዐመሉን ተናገሪ

ፈለቀች የሟች ባሏን ሞተር ብስክሌት የምትወለውለው በአሮጌ ነጠላዋ ቁራጭ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ከበደ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ያሳያታል። "እዚያ ጋ አቧራ አለ፣ ከመብራቱ ሥር። እንዲያ ነው፣ ደህና አድርገሽ ወልውዪው።" እሱ ራሱ እጁን አላቆሸሸም። ከበደ እንዲህ ነው፤ ሥራ ሲሆን ጣቱን፣ ጥቅም ሲሆን መዳፉን ይዘረጋል።

"ዛሬ ይሸጣል" አላት። "ገዢው ጥሩ ሰው ነው። አንቺ ብቻ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።"

"እሺ ጋሼ" አለች። ባሏ ጌታቸው ከሞተ ወዲህ ከዚህች ቃል ሌላ ብዙም አልተናገረችም።

ጌታቸው በሸዋ ሮቢት የታወቀ መካኒክ ነበር። ጣርማ በር ዳገት ላይ የጭነት መኪና በተበላሸ ቁጥር ሾፌሮች የሚልኩት ወደ እሱ ነው። መለዋወጫውን በከረጢት አንግቶ በዚህ ሞተር ሽቅብ ይወጣል፤ ጠግኖ ቁልቁል ይወርዳል። ሞተሩን የገዛው መንገድ ሲሠራ ከኖረ አንድ ጣሊያን ነው፤ ጣሊያኑ ጃንሆይን ተሰናብቶ አገሩ ሲገባ፣ ገላገለኝ ብሎ ይሁን ወድዶት ይሁን፣ ለጌታቸው ለቀቀለት። አምና በጥቅምት ጌታቸው ከደብረ ሲና ሲወርድ በመታጠፊያው ላይ ወድቆ ሞተ። ሞተሩ ግን መብራቱ ከመሰንጠቁ በቀር ምንም አልሆነም። ብረት እንዲህ ነው፣ ይሉኝታ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ፈለቀችና ልጇ ዓይናለም የሚኖሩት ከከበደ ግቢ፣ ከጓሮው የቆርቆሮ ክፍል ነው። የሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ የቆርቆሮ ክፍል ምን እንደሆነ አይነገረውም። የግቢው በር ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከከበደ ወገብ ላይ ነው። ገበያ ለመውጣት አስፈቅዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም አስፈቅዳ፣ እንደ ልጃገረድ "የት ነበርሽ?" ተብላ ትኖራለች። ታናሽ እኅቷ አበራሽ ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ናት። "የስፌት መኪና ብቻ ይዘሽ ነይ፣ ሥራው ለሁለታችንም ይበቃል" ብላ ስንቴ ልካባታለች። ከበደም ሽማግሌዎች ፊት ቃል ገብቷል። ሞተሩ ከተሸጠ የስፌት መኪና ይገዛላትና ልጇን ይዛ ትሂድ። ካልተሸጠ ግን፣ "ሴት ባዶ እጇን የት ትሄዳለች? የወንድሜ ልጅ ከግቢዬ አትወጣም።" ሽማግሌዎቹ መልካም ነው ብለው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። እንግዲህ የፈለቀች መውጫ በር ያው ሞተሩ ነው፤ ሌላ በር የላትም።

ነገሩ ታዲያ ሞተሩ ዐመል አለው።

ጌታቸው ራሱ ነው የነገራት፤ ከበደም ከማዕዱ ቀርቦ አብሮ እየሰማ። "ሜዳ ላይ በግ ነው" አለ እንጀራውን እየቆረሰ። "ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን የፊቱ ፍሬን ሲግል ይነክሳል። አንዴ ከነከሰ አይለቅም፣ ጎማው ቀጥ ይላል። ስንቴ ፈታሁት፣ ስንቴ ሞረድኩት፣ አልድን አለ። እኔ የፊቱን ሳልነካ በኋላው እወርዳለሁ። ሌላ ሰው እንዳይጋልበው።" ያን የጥቅምት ቀን ከአዳል የመጡ ግመሎች ድንገት መንገዱን ሲዘጉበት፣ እጁ ሳያስበው የፊቱን ጨበጠ። ግመል ነጂው ለቅሶ ደርሶ ያየውን ለፈለቀች በዝግታ ነገራት።

ለከተማው የተነገረው ግን ሌላ ነው።

ሞተሩን እየገፋች ወደ ከብት ተራው ስትደርስ ገዢዎቹ ከግራሩ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። አባ አሊዪ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። በይፋት ቆላ ከእሳቸው እጅ ያላለፈ ደህና በቅሎ የለም ይባላል። ልጃቸው ሐሚድ ዘንድሮ ደብረ ሲና አስተማሪ ሆኖ ተቀጥሯል። በየቅዳሜው በሞተር እየወረደ እናት አባቱን ሊጠይቅ አስቧል። ከብስክሌት በቀር ሌላ ነገር ነድቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እንደ ሙሽራ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቷል፤ ዐይኑም ከሞተሩ አይነቀልም።

አባ አሊዪ ምርመራቸውን ጀመሩ። መጀመሪያ ራቅ ብለው አቋሙን አዩ። ቀረብ ብለው መቀመጫውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ሆዱን ተመለከቱ፣ የቤንዚኑን ክዳን ከፍተው አሸተቱ።

"ጥርሱ የታለ?" አሉ።

"አባባ፣ ሞተር እኮ ነው" አለ ሐሚድ አፍሮ።

"ጥርስ የሌለው ነገር ዕድሜው በምን ይታወቃል?"

ሐሚድ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሲስቅበት ፊቱ ቀላ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ብረት አሳያቸው። ሽማግሌው በጣታቸው ዳሰሱት። "አርጅቷል" አሉ፤ "ግን ገና ይበላል።"

ከበደ አስነሣው። ሐሚድ ወጥቶ ሜዳው ላይ እየተንገዳገደ ዞረ። አንዴ ሊወድቅ ሲል ፍየሎች ተበተኑ፣ ሰው ሳቀ፤ ሲመለስ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። "አባባ፣ እንደ ውሃ ይሄዳል" አለ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ፈለቀች ይህን በሆዷ አለችና አንገቷን ደፋች።

አባ አሊዪ ከትከሻቸው ላይ አንድ ገመድ አውርደው ከመሪው ላይ አሰሩት። ከበደ ምን እየሠሩ እንደሆነ ግራ ገብቶት አያቸው።

"ገመድ ከሌለው ምኑን እቀበላለሁ?" አሉ። "እኔ የምገዛው በደንቡ ነው።"

ደንቡን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገመዱ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ ከመተላለፉ በፊት ሻጭ የከብቱን ዐመል በምስክር ፊት ይናገራል። ይራገጣል ከተባለ ገዢው አውቆ ገዝቷል፤ ነገ ቢረገጥ አቤት የሚልበት አፍ የለውም። "ዐመል የለውም" ያለ ሻጭ ግን፣ ገዢ ከጠየቀው፣ ሰው እያየ እሱ ራሱ አስቀድሞ ይጋልበዋል።

"እሺ፣ ዐመሉስ?" አሉ አባ አሊዪ።

"ጃንሆይ ይሙት፣ ዐመል የለውም" አለ ከበደ።

"ታዲያ ወንድምህን ምን ገደለው?"

ከበደ ድምፁን ዝቅ፣ ፊቱን ሐዘን ሐዘን አደረገው። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አባ አሊዪ፣ ወንድሜ ያን ቀን ቀማምሶ ነበር።"

ፈለቀች ይህን ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከለቅሶው ድንኳን ጀምሮ ሰምታዋለች። የሞተሩ ስም እንዳይጠፋ የወንድሙን ስም ያጠፋ ሰው ነው። አረቄ ሲሸተው ፊቱን የሚያዞረውን፣ ጾም የማይሽረውን ሰው ሰካራም አደረገው። በየጊዜው ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሆዷም ፈጀው፣ ግን አላለቀም።

"የከብቱ ባለቤት እሷ ናት" አሉ አባ አሊዪ ወደ እሷ እየዞሩ። "ልጄ፣ አንቺ ተናገሪ። ዐመሉ ምንድን ነው?"

ሰው ሁሉ አያት። ከበደም አያት፤ ቁልፉን በጣቱ እያሻሸ። የሚጠበቅባት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ዐመል የለውም። ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ያለበት አገር፣ የራሷ የስፌት መኪና፣ ሲሻት የምትከፍተው በር። ዓይናለም ትምህርት ቤት። ተመልሳ ስታስበው ደግሞ የሐሚድ አዲስ ጫማ ከዐይኗ አልጠፋ አለ። እንዲህ ያለ ጫማ ከመታጠፊያው ላይ ብቻውን ወድቆ አይታ ታውቃለች። የጌታቸው አንድ እግር ጫማ ነበር፤ ሌላው አልተገኘም።

"አለው" አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። "ረጅም ቁልቁለት ላይ የፊቱ ፍሬን ሲግል ይነክሳል፣ አይለቅም። ጌታቸውን የገደለው እሱ ነው።"

"የሐዘን ነገር ነው" አለ ከበደ ቶሎ ብሎ። "ሴት ሐዘን ሲጠናባት…"

ነገር ግን አባ አሊዪ አልሰሙትም። ፊታቸው በርቷል። "ተመስገን" አሉ። "የተነገረ ዐመል አያጣላም። ስንት ዘመን ስገዛ ስሸጥ እንዲህ ገልጦ የሚነግረኝ አላጋጠመኝም። ይህች ሴት ሐቀኛ ናት፤ ከሐቀኛ የገዙት ደግሞ በረካ አለው።"

"ዐመሉን ካወቅሁ እገራዋለሁ" አለ ሐሚድ እየሳቀ። "አባባ ስንቱን ነካሽ በቅሎ ገርቶ የለ?"

"ወላሂ ገርቻለሁ። ኢንሻአላህ አንተም ትገራዋለህ።" እጃቸውን ወደ ገመዱ ዘረጉ።

ከበደ መጀመሪያ ገረመው፤ ኋላ ፈገግ አለ። አፍሽን ዝጊ ያላት ሴት አፍ ከእሱ መሐላ በልጦ ሸጠለት። ፈለቀች ግን ባለችበት ቀረች። ተናግራለች። በምስክር ፊት፣ በደንቡ፣ እውነቱን። ከእንግዲህ ልጁ ቢሞት የሚጠይቃት ሰው የለም። በሩ ተከፍቷል፤ ዝም ብላ መውጣት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቀና መንገድ ሰው በሕይወቱ ስንቴ ያገኛል? የደከማት ሴት ናት፤ ዝም ብትል ማን ይፈርድባታል?

ገመዱን ግን ይዛለች። መቼ እንደያዘችው አታውቅም። አባ አሊዪ ሳብ ሲያደርጉት አለቀቀችም።

"አባ አሊዪ" አለች፣ "በቅሎ ጌታዋን ትለምዳለች። ይሄ አይለምድም። ጌታቸው ዐመሉን ከኔም ከእርስዎም በላይ ያውቀው ነበር። ማወቁ አላዳነውም።"

"እኔ አልፈራም" አለ ሐሚድ። ሰው ፊት ያለ ወጣት ሌላ ምን ይላል?

"ልቀቂ ገመዱን" አለ ከበደ በጥርሱ መካከል። "ልቀቂ አልኩሽ። የምትሄጅበት አገር የለሽም እንዴ?"

በዚህ ጊዜ ከደሴ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ራዲያተሩን ውሃ ሊያጠጣ ከመንገዱ ዳር ቆመ፤ አፍንጫው ወደ ደብረ ሲና ነው። ፈለቀች አየችው።

"ደንቡ ይሙላ እንግዲያው" አለች። "እኔ አለው ብያለሁ። ጋሼ ከበደ የለውም ብለው በጃንሆይ ምለዋል። የለውም ያለ አስቀድሞ ይጋልብ የለ? ሞተሩን በዚህ መኪና ጭነን ደብረ ሲና እንውጣ። ከዚያ ጋሼ በፊቱ ፍሬን እየያዙ ይውረዱ። እዚህ በደህና ከደረሱ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ሐሚድም ይግዛው።"

አባ አሊዪ ገመዱን ለቀቁና ጺማቸውን ያዙ።

"እውነቷን ነው" አሉ። "ደንቡ ነው። አቶ ከበደ፣ እንውጣ?"

"አሁን በዚህ ፀሐይ…"

"መኪናው ጥላ አለው።"

ከበደ ሞተሩን አየ፤ መንገዱን አየ፤ ወደ ላይ፣ ተራራው ጭጋግ ለብሶ ወደ ቆመበት አየ። ሰው ሁሉ የእሱን እግር ይጠብቃል። አንድ እርምጃ ወደ ሞተሩ ተጠግቶ መሪውን ነካ። እጁ የፊቱ ፍሬን ላይ ደርሶ፣ ትኩስ ነገር እንደነካ ሁሉ ተመለሰ።

"እኔ እኮ…" አለ፣ "የልጆች አባት ነኝ።"

አባ አሊዪ ዞረው ሐሚድን አዩት።

"እኔስ?" አሉ ኋላ። "እኔ የምን አባት ነኝ?"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ገመዳቸውን ከመሪው ፈቱ፤ ቀስ ብለው ጠቀለሉት። ሲሄዱ ከፈለቀች አጠገብ ቆም ብለው "አላህ ይክፈልሽ፣ ልጄ" አሏት። ለከበደ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወንድምህ እንግዲያው አልጠጣም ነበራ" አሉት። ሐሚድ ግን ምኞቱን የቀማችው ሴት ናትና ቀና ብሎም አላያት። አዲሱን ጫማውን አቧራ እያለበሰ ከአባቱ ኋላ ሄደ።

ፈለቀች ሞተሩን እየገፋች ተመለሰች። ከበደ ከፊቷ ፊቷ ሄደ። ግቢው ሲደርሱ ከኋላዋ በሩን ዘጋ፤ ቁልፉን ሁለቴ አዞረው። ሞተሩን እንደ ድሮው ከጓሮው ክፍል ግድግዳ አስደግፋ አቆመችው። ክፍሉ ሊመሽ ሲል እንኳ እንደ ምድጃ ይግላል።

ዓይናለም ከደጃፉ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። "አልተሸጠም?"

"አልተሸጠም።"

"አበራሽ ጋ አንሄድም ማለት ነው?"

"አሁን አንሄድም።"

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ፈለቀች ከጎኗ ተቀመጠች። ከዋናው ቤት ከበደ አንዱን ዕቃ በሌላው ላይ ሲወረውር፣ ሲሳደብ ይሰማል። ነገ ምን እንደሚያደርጋት አታውቅም፤ ትፈራለች፣ በጣም ትፈራለች።

"አባትሽ ሰክሮ አልነበረም" አለቻት።

"አውቃለሁ" አለች ዓይናለም።

"አንቺስ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን ገበያው ሁሉ ሰማ።"