ወፎቹ እንዳይደነብሩ

ባሌን ሮላንድን በቀበርንበት ቀን ሰው ሁሉ እጄን እየጨበጠ አንድ ዓይነት ነገር ይነግረኝ ነበር። እሁድ ዕለት ወፍ ማያው ጎጆ ውስጥ አይተውታል፤ ጥጉን ይዞ ቴሌስኮፑን ተደግፎ ነበር፤ እንዳይረብሹት ብለው በእግር ጣታቸው ወጥተዋል። «የሚወደውን እያየ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ሞት ለማን ይሰጣል» አለችኝ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች፣ ሳንድዊቿን እንደያዘች። እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሐኪሙ የነገረኝን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የረግረጉ ጠባቂ ጄማ ሲመሻሽ ጎጆውን ልትዘጋ ሄዳ ስታገኘው ሮላንድ ገና ይተነፍስ ነበር፤ ያረፈው ሆስፒታል ደርሶ ነው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ መዋሸት ገና አልለመደም። ወደ አንጎሉ ደም የሚወስደው ሥር የተደፈነው ጠዋት ነው አለኝ። አንደበቱና ቀኝ ጎኑ ተያዙ እንጂ ጆሮው ሳይሰማ አልቀረም። ከቀትር በፊት አንድ ሰው አምቡላንስ ጠርቶለት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከዘራ ይዞ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ልብሱን በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። ሱሪው ላይ ሻይ ፈስሶበታል። ሮላንድ ጀልባ ላይ ቆሞ እንኳ ሻይ የሚደፋ ሰው አልነበረም፤ ገረመኝ፤ ግን ያን ጊዜ የሚገርመኝ ነገር ብዙ ስለነበር ተውኩት።

የወፍ ተመልካቾችን ወግ የማያውቅ ሰው አያምነኝም ይሆናል። ጎጆዋ በረግረጉ ዳር፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ሊነካት ጥቂት በሚቀረው ቦታ ላይ የቆመች የእንጨት ቤት ናት። ከፊቷ ረጅም ቀጭን መስኮት አላት፤ ከመስኮቱ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር። በብርዱ ወራት ዝይው ከሰሜን ሲወርድ ከየቦታው የሚመጡት እዚያ ይደረደራሉ። የሚገባ ሰው በሩን እንደ ሌባ ይከፍታል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያም በሹክሹክታ «አለ ነገር?» ይላል። የተጠየቀው ካልመለሰ «ተወኝ፣ አንድ ነገር ይዣለሁ» ማለቱ ነው፤ ማንም አይቀየምም። የጎረቤቱን ፊት የሚያይ የለም፣ ሁሉም ዐይኑ ውሃው ላይ ነው። ስንት ክረምት ጎን ለጎን ተቀምጠው ገበያ ላይ ሲገናኙ የማይተዋወቁ ሰዎች አሉ። ይሄን እያነሣሁ በሮላንድ እቀልድ ነበር። እዚያ ጎጆ ውስጥ ሬሳ ቢቀመጥ ጎበዝ ተመልካች ተብሎ ይመሰገናል እለው ነበር። አፌን በቆረጠው።

ባሌ ቀኑን ሙሉ ሰው አጠገቡ እየተቀመጠ፣ እሱ እየሰማ፣ ሁሉም እንዳይረብሹት እየተጠነቀቁለት ሞተ። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቀትር በፊት አጠገቡ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ልፈልግ ተነሣሁ። ካገኘሁት ሐኪሙ ያለኝን አንድም ሳላስቀር ፊቱ ላይ ልነግረው ማልኩ። እኔ ብቻዬን ለምን እቃጠላለሁ?

ኦርጋን ተጫዋቿ የገባችው ከምሳ በኋላ ነው። ዝይ ሊያዩ ከከተማ የመጡ ባልና ሚስትም እንዲሁ፤ እነሱማ ዝምታውን አድንቀው ሲወጡ በሩ እንዳይጮኽ በመሐረብ ይዘው ነው የዘጉት። በመጨረሻ ጄማ ዘንድ ሄድኩ። ምስኪን ልጅ፣ ገና ስታየኝ ማልቀስ ጀመረች። ጠዋት በረግረጉ መግቢያ ከሮላንድ መኪና ሌላ የቆመው አንድ ብቻ ነበር አለችኝ፤ የክሌም ላርተር አሮጌ ቫን።

ክሌም የሮላንድ አብሮ አደግ ነው። በሠርጋችን ቀን ቀለበታችንን የያዘልን እሱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ቃል አልተለዋወጡም፤ ያውም በዝይ ምክንያት። ሮላንድ አንድ የብርድ ጠዋት ብቻውን ሆኖ በጥቁሮቹ ዝይዎች መሃል ወደ እኛ ዘንድ እምብዛም የማትመጣ ደረተ ቀይ ዝይ አየ። እዚህ በእኛ በኖርፎክ አውራጃ እንዲህ ያለ ብርቅ ወፍ አየሁ የሚል ሰው ቃሉን ለአምስት ሰዎች ዳኝነት ያቀርባል፤ የዳኞቹ ሰብሳቢ ደግሞ ክሌም ነበር። በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ጣለበት። በእነሱ ዘንድ ሰው ያለው ቃሉ ብቻ ነው፤ አንዴ የተጣለበት ሰው ከዚያ በኋላ ድንቢጥ አየሁ ቢል እንኳ ከንፈር ይመጠጥለታል። ሮላንድ ያን ቀን ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ዝይ ናት እኮ፣ ተዋት አልኩት። «ዝይ አይደለችም፤ ቃሌ ናት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ጎጆ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ አንዱ በወዲህ ጫፍ ሌላው በወዲያ ጫፍ እንደ ጣውንት ተኳርፈው ይቀመጡ ነበር። እንግዲህ እሱ መሆኑን ስሰማ ንዴቴ ጭራሽ ባሰ። ባዕድ ቢሆን ኖሮ አላወቀም ይባላል። ክሌም የሮላንድን ጤና ከትንፋሹ ይለይ ነበር።

በማግስቱ ልሄድበት ስዘጋጅ ራሱ የኋላ በሬን አንኳኳ። ቀብር ላይ አልገባም ነበር፤ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ እንዳየሁት ትዝ ይለኛል። ቆቡን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሻይ አላቀረብኩለትም። በመስኮቱ ባሕሩ ወደ ረግረጉ መመለስ ሲጀምር ይታይ ነበር።

«ሂልዲ፣ የመጣሁት ላጽናናሽ አይደለም» አለ። «የምጠይቅሽ ነገር አለ።»

«ጠይቃ።»

ያን ጠዋት ጎጆው የሄደው ሆን ብሎ ነው። ሮላንድ እዚያ እንደሚሆን ያውቃል። የሚለውን ነገር ቫኑ ውስጥ ሲያጠና ቆይቶ ገባ፤ በዚያኛው ጫፍ ሳይሆን እዚሁ አጠገቡ ተቀመጠ። ይህን ሲነግረኝ ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አያይም።

«‹ሮሊ፣ ዝይዋን አይተሃታል› አልኩት። ‹ያመንኩህ የዚያኑ ቀን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልጋት አንተ ቀደምከኝ፤ ቅናት ነው ሌላ አይደለም። ይቅር በለኝ› አልኩት።»

«እሱስ?»

«ዝም። ፊቱን እንኳ አላዞረልኝም። ጠበቅኩት። ከዚያ ግራ እጁን አነሣና ኩባያውን መታው። ሻዩ ሱሪው ላይ ተደፋ፤ ኩባያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ዝይዎቹ ሁሉ ደንብረው ተነሡ። በለመድነው ወግ ወፍ ከማስደንበር የባሰ ስድብ የለም። እኔም ‹እንግዲያው ገደል ግባ› ብዬው ወጣሁ።»

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሱሪ ትዝ አለኝ።

«እስከ መጨረሻው ተቀይሞኝ ነው የሞተው?» አለኝ ክሌም። «አንቺ ታውቂዋለሽ። ልቤ ሊፈርስ ነው፤ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ልነግረው የማልኩት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ለዚህ ሰው የሚያጽናናውም የሚገድለውም አንድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። አልተቀየመህም፣ ይቅርታህን ሰምቷል ካልኩት ለምን እንዳልመለሰለት መናገሬ ነው። ሮላንድ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ቃል እየሰማ፣ በቀረችው አንድ እጁ ወዳጁን ሲጠራ፣ በሩ ተዘጋበት። ክሌም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ይህን ሰምቶ ከወጣ ወደ ቤቱ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ረግረጉን አቋርጦ ወደ ማጡ ይገባል፤ እየሞላ ያለው ውሃ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ሮሊን ታውቀዋለህ» አልኩት። «ይቅር ማለት አልፈጠረበትም። ግትር ነበር።»

ባሌን አማሁት። አፈሩ ሳይደርቅ።

ክሌም ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ እንደሚሆን ገምቶ ነበር፤ ቁርጡን ማወቁ ይሻላል አለ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሲያመራ ግን ከመደርደሪያው ፊት ቆመ። የሮላንድን ፔርሙስ አጥቤ እዚያ አኑሬው ነበር፤ ከጎኑ የተሰነጠቀው ኩባያ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ፣ ጭረት እንኳ የሌለው።

«ይሄ ሁለተኛው የማን ነው?»

«የእኔ» አልኩት።

አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ሮላንድ ከተኳረፉ ጀምሮ በየእሁዱ ሁለት ኩባያ ይዞ ይወጣ ነበር። ሁለተኛው ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ አውቅ ነበር።

ክሌም ኩባያውን አንሥቶ አገላበጠው። «አንቺ እኮ ጎጆው ገብተሽ አታውቂም» አለ ቀስ ብሎ። «አንድም ቀን።»

ኩባያውን በግራ እጁ እንደያዘ ቀኝ እጁን ተመለከተ፤ ከዚያ እንደገና ግራውን። ሮላንድ ሁሉን ነገር በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ነበር። እየገባው ሲመጣ ፊቱ ላይ አየሁት፤ የማስቆምበት መንገድ ግን አልነበረኝም።

«ሂልዲ፣ ያን ጊዜ ታሞ ነበር?»

በእነሱ ጎጆ ዝም ማለት «ተወኝ» ነው። በእኔ ወጥ ቤት ግን ዝም ማለት «አዎ» ነው፤ ክሌምም ይህን አያጣውም። ኩባያውን ከነበረበት ቦታ በጥንቃቄ መለሰው። ጮኾ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቆቡን አስተካከለና፣ በይ እንግዲህ አላስቸግርሽ፣ ትንሽ ብቻዬን ልሁን፣ በእግሬ ልሂድ አለ። ቫኑ ደጃፌ ቆሞ።

ልተወው እችል ነበር። ሰው ብቻዬን ልሁን ካለ መተው ነው የእኛ አገር ጨዋነት። ንዴቴም ገና አልበረደም፤ ግማሽ ልቤ ይሂድ ይል ነበር፤ ይህን አልዋሽም። ግን በሩን ቀድሜው ዘጋሁና ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩበት።

«ተቀመጥ፣ ክሌም።»

«ልሂድ በናትሽ።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁና በንጹሑ ኩባያ ቀዳሁለት። አልጠጣም። ወንበሬን ስቤ ከጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ጉልበታችን ሊነካካ ደርሷል። ፊቱን ወደ መስኮቱ ሊያዞር ሲል አገጩን ይዤ መለስኩት። ውጪ ባሕሩ ረግረጉን ሞልቶ ዝይዎቹ እየጮኹ በቤቱ አናት ያልፉ ነበር፤ አንዳችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። ዝም ባለ ቁጥር ስሙን እጠራዋለሁ። ክሌም እለዋለሁ፤ ካልመለሰ ትከሻውን ይዤ እነቀንቀዋለሁ።

«እየሰማሁሽ ነው» ይለኛል።

ጥቂት ቆይቼ እንደገና እጠራዋለሁ።