የድመት ጢም ያሰለፋቸው

ናይሪ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ «ዴስ! ቶሎ ና!» ብላ ተጣራች።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዴስ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ጨው ነው» አላት ገና ከበሩ።

«ሳታየው?»

«ባለፈውም የኢንዛይም ክሪስታል አገኘሁ ብለሽ ጮኸሽ ኬክ አስገዝተሽናል። ጨው ሆኖ አረፈው!»

እውነቱን ነው። ያን ቀን ናይሪ የምትገባበት ጠፍቷት ነበር።

የቲቢ ባክቴሪያ ትሪፕቶፋን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለራሱ የሚሠራበት ኢንዛይም አለ። ቅርጹ ከታወቀ ሥራውን የሚያስቆም መድኃኒት መፈለግ ይቻላል፤ ቅርጹን በጨረር ለማየት ግን ኢንዛይሙ መጀመሪያ ጥርት ያለ ክሪስታል መሆን አለበት። እሱ ደግሞ ለዓመታት ከአቧራ የማይሻል ፍርፋሪ እንጂ ሌላ አልሰጣትም። «እማ፣ ያንቺ ኢንዛይም ምን ይመስላል?» ለምትላት ልጇ እንኳ «ፍርፋሪ» ብላ ነው የምትመልሰው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራቸው ካለበት ከዳኒደን ከተማ ወደ ሜልበርን የጨረር ማዕከል ናሙና ይላካል። የእሷ ከሌለበት ዴስ ሥራውን ሊዘጋው ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የልጇ ድመት ምንጣፍ ላይ የጣለችውን ጢም ይዛ መጣች። የሙያው የቆየ ዘዴ ነው፤ ለአዲስ ክሪስታል ዘር እንዲሆን ጢሙን በተፈጨው ፍርፋሪ ነክሮ በአዲስ የኢንዛይም ጠብታ ውስጥ አንዴ መሳብ። አሁን ጢሙ ባለፈበት መስመር ላይ አምስት ክሪስታሎች ጥርት ብለው ተሰልፈዋል።

ዴስ ጎንበስ ብሎ አየ። ኩባያውን አስቀመጠ።

«አንዱን ውጊው» አላት ቀስ ብሎ። «ጨው ከሆነ መርፌውን አያስገባም።»

«ካልሆነስ? በገዛ እጄ አንዱን ገደልኩት ማለት ነው።»

«አራት ይተርፍሻል።»

ትንፋሿን ይዛ መርፌውን አስጠጋች። ክሪስታሉ እንደ ለስላሳ አይብ ፍርክስ አለ። ጨው እንዲህ አይፈርስም።

«እሱ ነው!» ዴስ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ራሱ ነው!»

«ኧረ አትምታ! ልጆቼን ታፈርስብኛለህ!»

ሁለቱም እየሳቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዴስ ክሪስታሎቹ የሚወጡባትን ቀጭን ቀለበት አነሳ። «እኔ ላውጣቸው። የቀሩሽ አራት ብቻ ናቸው።»

ናይሪ ቀለበቷን ከጣቶቹ ወሰደችና ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች።

«አንተ የሚቀዘቅዙበትን ፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዳልኝ» አለችው።