ኤርሲዶ የቀየረው ድንኳን

ለሰፊው ሕዝብ፣ ለወዛደሩ፣ ለአርሶ አደሩና ሥጋ ለሚበላ ወገን ሁሉ! መስከረም ሁለት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጓድ ኤርሲዶ ላምቤቦ ከተቀመጠበት አግዳሚ ተነሥቶ፣ ባዶ ሰሃኑን ይዞ፣ ሃያ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሌላ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ መሆኑ ተረጋግጧል።

በቃ፤ ከዚህ ሌላ የተፈጸመ ነገር የለም። ሰው አልሞተም፣ ቡና አልተዘረፈም፣ የተቃጠለ ቤትም የለም። ጅማ ውስጥ ከጅሬን ዳገት ሥር ያለው ቀበሌ ግን ለሦስት ሳምንት ሌላ ወሬ አላወራም።

በአብዮት በዓል ቀበሌው ሁለት በሬ ይጥላል። አንዱን ክርስቲያን ይባርከዋል፣ አንዱን እስላም ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፤ ሁለት ድንኳን ይተከላል፣ ሁሉም ወደየድንኳኑ ይገባል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብተጊዮርጊስ የሃይማኖት ልዩነት የፊውዳሉ ሥርዓት ትራፊ መሆኑን አንድ ሰዓት ሙሉ ካስተማረ በኋላ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ክርስቲያኑ ድንኳን ይገባና ከጎድኑ ይቆርጣል። በዚያ ድንኳን የሚበላው ጥሬው ነው፤ በወዲያኛው ግን ዘይቡ፣ የልብስ ሰፊው የቲጃኒ ሚስት፣ ትልቁን መጥበሻ ጥዳ ትጠብሳለች።

ኤርሲዶ የሆሳዕና አገር ሰው ነው። ጅማ የመጣው ለቡና ለቀማ ነበር፤ ለቀማው ሲያልቅ ቀረ፣ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ሚዛን ላይ ተቀጠረ፣ አጸደን አገባ። ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ግን መዝሙሩን በሆዱ ነው የሚዘምረው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። ከሚስቱ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ኤርሲዶ ጥሬ ሥጋ አይወድም።

ታሞ አይደለም፣ ስለት ኖሮበት አይደለም፣ ኮሶ ፈርቶም አይደለም። ጥሬ ሥጋ ምላሱን ሲነካው፣ የሌላ ሰው ቀዝቃዛ ምላስ አፉ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ይህን ለማን ይነግሩታል? የሆሳዕና ልጅ ጥሬ አልበላም ሲል፣ ዓሣ ውኃ ጠላሁ እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

ቤቱ ውስጥ ችግር የለም። አጸደ ሥጋውን ታደቅቅና፣ ሚጥሚጣ ሳታስነካ፣ በጨውና በጥቂት ቅቤ፣ ጠርዙ እስኪኮማተር ድረስ በትንሿ ድስት ታደርቅለታለች። የራሷን ለብ ታደርጋለች። በድንጋይ የደቆሰችውን የቃሪያ ቆጭቆጫ መሃል ታኖረዋለች፤ እሱ በእንጀራ ጫፍ ነካ አድርጎ ዐይኑን ይጨፍናል፣ እሷ በማንኪያ ትዝቃለች።

“አንተ እኮ ያገባኸኝ ከሰል ላበላህ ነው” ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የበዓሉ ዕለት ግን ቆራጩ መዳፍ የሚያህል ቀይ ሥጋ በቢላ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ “ኤርሲዶ! ይኸው የአገርህ ነገር!” እያለ መጣ። በዚያችው ደቂቃ ከወዲያኛው ድንኳን የዘይቡ ጥብስ ሽታ መጣ። ኤርሲዶ ምንም አላሰበም። እግሩ ነው የሄደው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀው ያልፉት ይሆናል። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከሆሳዕና መልእክት ደርሶታል፤ እናቱ እማማ ሽታዬ ታመዋል፣ “ዐይኔን ሳልከድን ልየው” ብለዋል። ለመሄድ ደግሞ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዱታል።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀረበ።

“የይለፍ ወረቀት ነው? ጥሩ” አለ ጓድ ሀብተጊዮርጊስ። “መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ለምን ተሻገርክ?”

“ምኑን?”

“ድንኳኑን!”

“የበሰለ ስለምወድ ነው ጓድ።”

ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ ሳቁን ጨረሰና ብዕሩን አነሣ። “የሆሳዕና ልጅ ሆነህ? እኔን ሕፃን አደረግከኝ? ተናገር፣ ከኋላህ ማን አለ?”

“ያኔ ከኋላዬ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ።”

ይህ መልስ አልጠቀመውም። “ጉዳዩ እየተጣራ ነው” ተባለና ወረቀቱ መሳቢያ ገባ።

ቤቱ ሲመለስ ቲጃኒ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

“ኤርሲዶ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ! አልሐምዱሊላህ! ወላሂ፣ ይሄ ጉርብትና እንዲሁ አይቀርም እል ነበር።”

“ቲጃኒ፣ ጥብሱ ጣፍጦኝ እኮ ነው።”

“ኤ! በዚያው ነው የሚጀምረው። ዘይቡ ስትሰማ ዘለለች። ኢብራሂም የሚለውን ስም መርጣልሃለች፤ ካልወደድከው ሌላም አለ።”

ጋዜጣው ውስጥ ነጭ ኮፍያ ነበረ፤ ቲጃኒ በገዛ እጁ የሰፋው፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ክር የዞረበት። ኤርሲዶ የቲጃኒን ፊት አየና ኮፍያውን ተቀበለ።

“ለምን ተቀበልክ?” አለች አጸደ፣ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ስታይ።

“ምን ላድርግ? ሰውየው በደስታ አለቀሰ!”

ኮፍያው በመስኮት ታየ። በሳምንቱ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ካለ አንድ ጓሮ ውስጥ ተደብቀው የሚጸልዩት ወንድሞች አስጠሩት። ሽማግሌው ዕንባቆም እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጭነው፣ “የያዘህ መንፈስ ስሙ ማነው?” ብለው ጠየቁ። “ጥብስ ነው አባባ” አላቸው እውነቱን። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ጾም ታወጀለት።

አጸደ ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች። “ስድስት ዓመት የጠበስኩለት እኔ ነኝ! ድስቷን ላምጣላችሁ?” ብላ ጮኸች። የሚስት ቃል ለምስክርነት አይበቃም ተባለች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ኤርሲዶ እውነቱን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ቁጥሩ ጠፋው፤ በተናገረ ቁጥር ደግሞ ውሸት እየመሰለ ሄደ። ሚዛኑ ላይ ቆሞ ኬሻ እየመዘነ፣ “እማዬ አሁን ምን ሆና ይሆን?” ይላል፤ ወረቀቱ ግን ከመሳቢያ አይወጣም። ወሬው ይለፍ አያስፈልገውም። በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ ኬላውን ሁሉ አልፎ ሆሳዕና ገባ።

እማማ ሽታዬ ልጃቸው መስለሙን ሲሰሙ ከአልጋቸው ተነሡ። የእሳቸው ቀበሌ ለሕክምና ነው ሲሉት ባንድ ጠዋት ይለፍ ሰጣቸው። አውቶቡስ እየቀየሩ ጅማ መናኸሪያ ወረዱ፤ የኤርሲዶን ቤት እየጠየቁ ሲንገዳገዱ አንድ ደግ ሰው አገኛቸውና ደግፎ፣ ጓዛቸውንም ተሸክሞ እስከ ደጁ አደረሳቸው። “ተባረክ የኔ ልጅ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን” አሉት። ቲጃኒ ነበር።

ኤርሲዶ ከሥራ ሲመለስ እናቱን መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘ። አጥንት ብቻ ሆነዋል። እግራቸው ሥር ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ።

“ተነሥ” አሉ። “አጸደ የክርስቲያን ሥጋ ገዝታልኛለች። አደቅቃዋለሁ። የበርበሬ ዳጣውን ከቤቴ ይዤ መጥቻለሁ፤ አሁን ትበላለህ።”

“እማማ፣ እሱ እኮ ጥሬ አይወድም፤ ለብቻው ጥጄለታለሁ” አለች አጸደ ከጓዳ።

ኤርሲዶ ቀና አለ። ልቡ ተስፋ አደረገ። ሌላው ሁሉ ባያምነው፣ የወለደችው እንዴት ታጣዋለች?

“ልጄን ለኔ ልትነግሪኝ ነው?” አሉ እማማ ሽታዬ። “ይሄ ልጅ በመስቀል ቀን ጥሬውን ከወንድሞቹ ሁሉ ቀድሞ ነበር የሚጨርስ! ሰሃኑን ልሶ ነበር የሚመልስልኝ!”

እውነት ነው፤ ሰሃኑ ተልሶ ነበር የሚመለሰው። ኤርሲዶ ያን ቡችላ አስታወሰው። ከእንሰቱ ሥር ተደብቆ የሚጠብቀውን፣ በየመስቀሉ የሚወፍረውን፣ ምላሱ ሰፊ የሆነውን ቡችላ።

“እማዬ፣ ያኔ እኮ ውሻው…”

“የምን ውሻ?”

የእናቱን እጅ አየ። ከሆሳዕና ድረስ ያመጡትን ዳጣ ሥጋው ላይ እያደረጉ ነው።

“ምንም” አለ።

በዚህ መሃል ቲጃኒ ለታማሚዋ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ገባ። ከኋላው ደግሞ ጓድ ሀብተጊዮርጊስ፤ እንግዳ ገብቷል ሲሉት ሊመዘግብ መምጣቱ ነው። ሁለቱም በሩ ሥር ቆሙ።

“ልሙት ካልጎረስክ!” አሉ እማማ ሽታዬ። በሽታው ፊታቸው ላይ እያለ እንዲህ ያለ ቃል ቀልድ አይደለም።

ኤርሲዶ ጎረሰ። ቀዝቃዛው ምላስ አፉ ውስጥ ገባ፤ ዳጣው ተከትሎ እሳቱን ለቀቀ። አላመጠ፣ ዋጠ። እንባው በሁለት ጉንጩ ወረደ። እናቱ በደከመ ድምፅ እልል አሉ፣ እንባው የንስሐ መስሏቸው። ሁለተኛ አጎረሱት። ሦስተኛ። ቲጃኒ ሚስማሩ ላይ ያለውን ኮፍያ አየና አንገቱን ደፋ፤ የመጣበትን ስኳር ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

“እንዴ!” አለ ሊቀመንበሩ። “ትበላለህ ማለት ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ‘ጥሬ አልወድም’ እያልክ ጽሕፈት ቤቱን ስታታልል ነበር!”

ኤርሲዶ አፉ እየነደደ ውኃ ጨለጠ።

“ጌታዬ፣ እኔ እዚህ አልሞትም” አሉ እማማ ሽታዬ። “አሁን ልጄ ተመልሶልኛል። አገሬ ያድርሰኝ፣ ይለፉን ይስጡልኝ።”

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ከመሳቢያው አውጥቶ ይዞት የመጣውን ወረቀት ከደረት ኪሱ መዘዘ። ከጎን ኪሱ ማኅተሙን አወጣ፤ እፍ ብሎ አሞቀው።

“ይኸው ወረቀቱ። ነገ ጠዋት እናትህን ይዘህ ትሄዳለህ። አንድ መስመር ብቻ ነው የጎደለው። ጥሬ የምትበላ ከሆነ፣ ለምን ተሻገርክ?”

እናቱ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው እንዲል ይጠብቃሉ። ቲጃኒ፣ አንገቱን እንደደፋ፣ አላህ ጠርቶኝ ነው የምትለዋን ቃል ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ የሰው ስም ይጠብቃል፣ ማንም ይሁን ብቻ ስም። አጸደ ደግሞ ጓዳው በር ላይ ትንሿን ድስት እንደያዘች ቆማ፣ እውነቱን ንገራቸው እያለች በዐይኗ ትለምነዋለች። ሥጋው ጠርዙ እስኪኮማተር ደርቋል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ ግን የለም።

ኤርሲዶ እንባውን በክንዱ ጠረገ። ማኅተሙ አየር ላይ ቆሟል።

“አላብራራም” አለ።