በሩ ላይ የተጻፈው

የታፔላ ጻፊው ክፉ ዓመል አንድ ነው፤ የደበዘዘ ፊደል አይቶ ማለፍ አይችልም። ከሚስቱ ጋር መንገድ ሲሄድ እንኳን ፀሐይ የበላው ታፔላ ካየ ቀጥ ይላል። «ይሄን ደግሞ የትኛው ጉድ ነው የጻፈው? እግሩን አንካሳ አድርጎት የለ!» እያለ በጣቱ አየር ላይ ያቃናዋል። «ሰው ያየናል፣ ና ወዲህ» ትለዋለች ሚስቱ እጁን እየጎተተች። በዚህ ሲስቁ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል።

ሃያ ሁለቱንም ዓመት የሠራው በአንዲት ባለ አንድ በር ሱቅ ውስጥ ነው። ብሩሾቹ በየውፍረታቸው በቆርቆሮ ተሰድረው፣ የቲነሩ ሽታ ከደጅ ሰው እየተቀበለ፣ ያልደረቁ ታፔላዎች ግድግዳውን ተደግፈው። አከራዩ ሽማግሌ ወረቀት የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ውሉ ባለቀ ቁጥር ራሳቸው ይመጡና እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ከነጩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፋሉ፦ ሱቁን ከዛሬ ጀምሮ ለአምስት ዓመት አከራይቼዋለሁ። ቀን፣ ፊርማ፣ አለቀ። «ወረቀትማ ትጥለዋለህ፤ በሩን የት ትጥለዋለህ?» ይሉና ይስቃሉ። የመጨረሻውን ከጻፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፣ ሲሞቱ።

ተቀብረው ወር ሳይሞላ ልጃቸው ከች አለ። ሱቁን ከጎረቤቱ ጋር አፍርሶ አንድ ትልቅ መደብር ሊያደርገው አስቧል። «ውል የለህም» ብሎ ከሰሰ።

«በጽሑፍ የያዝከው ነገር አለ?» አለው የቀጠረው ጠበቃ።

«አለኝ እንጂ፤ በሩ ላይ።»

ጠበቃው ሳቀ። ሰውየው እንዳልቀለደ ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ይሁና! በር ላይም ይጻፍ ግድግዳ ላይ፣ ፊርማ እስካለው ድረስ ጽሑፍ ነው» አለ። የታፔላ ጻፊው ልብ ቅቤ ጠጣ።

ችግሩ በሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ውስጠኛው ገጽ ሲንቃቃ የሚውለው ፀሐይ ላይ ነው፤ እስክሪብቶውን ፀሐይ በልቶታል። ጠበቃው በስልኩ ፎቶ ቢያነሳው ነጭ በር ብቻ ወጣለት። ዳኛዋ ፎቶውን አይታ፣ የፍርድ ቤቱ የጽሑፍ መርማሪ ሐሙስ ቀን በአካል ሄዶ እንዲያየው አዘዘች። ጠበቃው ሲለያዩ፣ «ብቻ እንደምንም ይነበብ እንጂ አሸንፈናል» አለው። ምነው አፉን በቆረጠው!

ረቡዕ ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቱ በሩ ሥር በርጩማ ላይ አገኘችው። እጁ ላይ ቀጭኗ ብሩሽ፣ ጭኑ ላይ የሰማያዊ ቀለም ጣሳ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም። የሳቸውን እየተከተልኩ ነው። አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም።»

እውነቱን ነው፤ አልጨመረም። ትንፋሹን ውጦ የሽማግሌውን የእጅ ጽሑፍ እግር በእግር ተከትሏል። እጃቸው የተንቀጠቀጠበት ቦታ ላይ አብሮ ተንቀጥቅጧል።

«ተው፣ አትንካው። እንዳለ ይየው።»

«እንዳለማ አይታይ! የተማረ ሰው መጥቶ ይሄን ድብዝዝ ያለ ነገር ሲያይ ምን ይለኛል?»

ምሳውን አስቀምጣ እጁን አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ያመነችው እጅ ነው። ጠጋ አለችና፣ «እዚህ ጋ አንዲት እግር ረስተሃል» አለችው።

ሐሙስ መርማሪው አጉሊ መነጽሩን ይዞ መጣ። ግማሽ ሰዓት በሩ ላይ ተለጥፎ ቆየ። «ይሄ እኮ የብሩሽ ቀለም ነው» አለ በመጨረሻ፣ «ገና በደንብ አልደረቀም።»

«እሱማ እኔ ነኝ ያደስኩት!» አለ ታፔላ ጻፊው፣ የተመሰገነ መስሎት። መርማሪው ይህንንም ጻፈ።

ሪፖርቱ አጭር ነበር። አራቱም መስመር በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ብሩሽ፣ በዚያው ሳምንት የተጻፈ ነው። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ይኑር አይኑር ማረጋገጥ አልተቻለም። ዳኛዋ የበሩን ፎቶ ለልጁ አሳየችው። «የአባትህ ጽሑፍ ነው?»

ልጁ ረጅም ጊዜ አየው። «አይደለም» አለ።

«አንተ ልጅ!» ብሎ ተነሣ ታፔላ ጻፊው። ጠበቃው ኮቱን ጎትቶ አስቀመጠው።

ተፈረደበት። ይግባኙም በሁለት ገጽ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። አንድ ቀን ሸሚዙ የተተኮሰ የማያውቀው ሰው ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ ፊርማ ታስመስላለህ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለው። በቲነር ጣሳ አባረረው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

ሱቁን በሚያስረክብበት ቀን ጠዋት ሚስቱ ብሩሾቹን በካርቶን ከታ ጨረሰች። ልጁም ቁልፍ ሊቀበል መጥቶ ደጅ ቆሟል። ታፔላ ጻፊው ግን ሌባ ሱቁን የሰበረበት ጊዜ በበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ ቁልፉ ዙሪያ በገዛ ገንዘቡ ያስመታው ሰፊ ላሜራ ትዝ አለው። «ይሄ የኔ ነው፤ ለሱ አልተውለትም» ብሎ ብሎኖቹን ፈታና አነሳው።

ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። የሁሉም መጀመሪያ፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ላሜራው ሲመታ ዘመኑ ያለፈ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ትዝ ብሎት አያውቅም። ፀሐይ አልነካውም፣ እሱም አልነካውም። የሽማግሌው እስክሪብቶ፣ የሽማግሌው ፊርማ፣ ትናንት የተጻፈ ይመስል ጥርት ብሎ ቆሟል። ላሜራውን መርማሪው ከመጣበት ሐሙስ በፊት አንስቶት ቢሆን ኖሮ! አሁን ቢያሳየው ማን ያምነዋል? ይሄንንም ያው እሱ ነው የጻፈው ይሉታል።

ልጁ ጠጋ ብሎ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። ጣቱን ፊርማው ላይ አሳረፈ።

«ታውቀዋለህ፣ አይደል?» አለ ታፔላ ጻፊው።

«አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። ያን ቀን ዳኛዋ ያሳየችኝ የእርስዎን ጽሑፍ ነበር፤ አይደለም አልኩ። ይሄ የአባቴ ነው።»

«እንግዲያው ና ሄደን ይሄንኑ ንገርልኝ። ይሄንኑ ብቻ።»

ልጁ ጣቱን ከበሩ አነሳ። «የዚህኛው ጊዜ ካለፈ ስንት ዓመቱ!» አለና መዳፉን ዘረጋ።

ታፔላ ጻፊው ሚስቱን አያት። እሷ ካርቶኑን ታቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች። ቁልፉን ሰጠው።