ሁለት ኪሎ ይጎድላል

"እንደገና መዝነው!"

ሩት ጣሰው ካርቶኑን ራሷ ብድግ አድርጋ ሚዛኑ ላይ መልሳ አኖረችው። ውስጡ ያሉት የማር ጠርሙሶች እርስ በርስ ተነካክተው ተንቃጨሉ። ቀዩ ቁጥር ወጣ ወረደ አለና እዚያው የነበረበት ላይ ቆመ።

"ስምንት ነጥብ ሰባት" አለ ኢስሃቅ፣ የዕቃ መላኪያው ቢሮ ሠራተኛ፣ ቀና ብሎም ሳያያት። "አራት ጊዜ መዘንኩልሽ። ከስምንት ኪሎ በላይ መቶ አርባ ብር ነው። ሁለት ካርቶን፣ ሁለት መቶ ሰማንያ።"

"ቤቴ መዝኜ ነው የመጣሁት እኮ! ሰባት ነጥብ ስምንት ነው። ዘጠና ዘጠና ብር ነው የምከፍለው።"

"እንግዲያው ከቤትሽ ላኪዋ።"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ። የሩት ጆሮ ጋለ።

ይህ እንግዲህ በዚህ ወር ስድስተኛው ጊዜ ነው። ሩት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ከተመረቀች አራት ዓመቷ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ ስም እየጻፈች ሁለት ዓመት ካባከነች በኋላ፣ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር በሚገኘው የእናቷ ቤት ጓዳ ውስጥ የማር ንግድ ጀመረች። ማሩን ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ ትገዛለች፤ አጣርታ በጠርሙስ ትሞላለች፤ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች። "በቀጥታ ከገበሬው፣ ያለ ደላላ፣ በፍትሐዊ ዋጋ" የሚለውን ጽሑፍ ራሷ ናት ያወጣችው። ኢንተርኔቱ በተዘጋባቸው ሳምንታት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ በተከፈተ ማግስት ደግሞ ትእዛዙ ተግተልትሎ ይመጣል። ደንበኞቿ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ናቸው። ስድስት ጠርሙስ በአንድ ካርቶን፣ የመላኪያው ዋጋ ከማሩ ጋር ተደምሮ፣ ቁርጥ ሒሳብ።

ቁርጥ ሒሳቡ ደህና ነበር፣ መላኪያ ቢሮው ካርቶኑን በዓይን እያየ በሚያስከፍልበት ጊዜ። ከጥር ወዲህ ግን ይህ ሚዛን መጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሩት ከሚዛኑ ጋር ትግል ገጠመች። ወፍራሙን ካርቶን በስስ ቀየረች። ጠርሙሶቹን የምታቅፍበትን ሰጋቱራ ትታ ጋዜጣ ጠቀጠቀች፤ ጋዜጣውንም ቀነሰች። ባለፈው ሳምንት አዳማ የደረሰው ካርቶን ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ተሰባብሮ ማሩ ከመስታወቱ ጋር ተለውሶ ተገኘ፤ ደንበኛዋም ፎቶውን አንስታ "ከዚህች ሴት እንዳትገዙ" ብላ ለጠፈችው። ያን ፎቶ ሦስት መቶ ሰው አይቶታል። ሩት በዚያ ሁሉ ውስጥ የታያት የኢስሃቅ ፊት ብቻ ነበር።

ዛሬ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ከቦርሳዋ መንጠቆ ያለውን ዲጂታል ሚዛኗን አወጣች። ከመርካቶ ያስመጣችው፣ በእጅ አንጠልጥለው የሚመዝኑበት ዓይነት ነው። መንጠቆውን የካርቶኑ ገመድ ውስጥ አስገብታ በሁለት እጇ አነሳችው።

"ይኸው! ሁላችሁም እዩት! ሰባት ነጥብ ስምንት! ይህ ሰውዬ ሚዛኑን አስተካክሎ ነው የሚዘርፈን። ሌባ ነው!"

ሳቁ ቆመ። ኢስሃቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከወንበሩ ተነሳ።

"ማነው ሌባ?"

"አንተ! አንተና ይህ ሚዛንህ!"

"ወላሂ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰባት ዓመቴ ነው። የሰው አምስት ሳንቲም በልቼ አላውቅም። አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ አልሽኝ?"

"እውነቷን ነው" አለ አንድ ሰው ከሰልፉ። "የኔንም ባለፈው ጨምሮብኛል።" ሌላውም "ሚዛኑ ይመርመር!" አለ። ሩት ሰው ከጎኗ ሲቆም ድምፅዋ ይበልጥ ከፍ አለ፤ ስለ አዳማው ካርቶን፣ በየሳምንቱ ከኪሷ ስለሚወጣው ገንዘብ፣ ሥራ አጥ ሆኖ ስለመቅረት፣ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ኢስሃቅ ላይ አፈሰሰችው።

ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው የተቀመጡት ኦቦ ደሬሳ፣ የቡና ነጋዴው፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጩኸት ኪሎ አይሆንም። ሱቄ ማዶ ነው። መንግሥት ማኅተም የመታበት የአምስት ኪሎ ብረት አለኝ። ይምጣና ሁለቱም ይመዝኑት።"

"ይምጣ!" አለች ሩት።

"ይምጣ!" አለ ኢስሃቅም።

ብረቱ መጣ፤ ጥቁር፣ እጀታ ያለው፣ ጎኑ ላይ አምስት ቁጥር የተቀረጸበት። ኦቦ ደሬሳ ራሳቸው የቢሮው ሚዛን ላይ አኖሩት። አምስት ነጥብ ዜሮ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"አሁን ያንቺን።"

ሩት መንጠቆውን በእጀታው አስገብታ አነሳችው። አራት ነጥብ አምስት።

አውርዳ አጠፋችው፤ አብርታ ደግማ አነሳችው። አራት ነጥብ አምስት። ጎን ካለው ሱቅ አዲስ ባትሪ ገዝታ ቀየረች። ስትቸኩል አንዱ ባትሪ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ኢስሃቅ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሰጣት። አራት ነጥብ አምስት።

ቅድም "ሚዛኑ ይመርመር" ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

"በይ እንግዲህ" አለ ኢስሃቅ። ፊቱ ቀልቷል። "ሌባ ስትዪኝ ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም እየሰማ መልሺልኝ።"

"ይቅርታ" አለች ሩት ካርቶኑን እያየች።

"አልሰማሁም።"

"ይቅርታ አልኩህ!" ጮኸች። የይቅርታ ድምፅ አልነበረም፤ ራሷም ሰማችው። ኢስሃቅ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ሁለት መቶ ሰማንያ ብር" አለ። "የሚቀጥለው ማነው?"

ሩት ቦርሳዋን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው ኦቦ ደሬሳ ብረታቸውን ታቅፈው ሲወጡ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ "በዚህ ሚዛን ትገዢበታለሽ እንዴ?" ብለው የጠየቋት።

ገንዘቡን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከሰቃ ማር የሚሸጥላት ኦቦ ነጋሳ ነው። ሩት ይህንኑ ሚዛን በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች፤ የማሩን ባልዲ አንጠልጥላ ትመዝናለች፤ ቁጥሩን ታሳያለች፤ ትከፍላለች። ሃያ ኪሎ ብላ የገዛችው ማር ጓዳዋ ደርሶ ሲጣራ ሃያ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል። ሁልጊዜ ሃያ ሁለት። በአንድ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ጊዜ ሁለቱን ትርፍ ጠርሙሶች አይታ ግር ሲላት እናቷ፣ "በረከት ያለው ማር ነው፤ አትቁጠሪው" አሉ። እሷም አልቆጠረችም። ማኔጅመንት ተምራ የተመረቀች ሴት፣ ማር ሲጣራ እንደሚቀንስ እንጂ እንደማይጨምር የምታውቅ ሴት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቆጠረችም።

"ትልኪያለሽ ወይስ አትልኪም?" አለ ኢስሃቅ።

"አልልክም።"

ሁለቱን ካርቶኖች ባጃጅ ላይ ጭና ወደ ሰቃ ሚኒባስ መቆሚያ ሄደች። ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ። አንዱን ካርቶን ጭኗ ላይ፣ ሌላውን እግሯ ሥር አድርጋ በንዴት ነደደች። ሚዛኑን የሸጠላትን የመርካቶ ነጋዴ ረገመች። ኢስሃቅን ረገመች፤ ብረቱን ይዞ የመጣውን ሽማግሌ ረገመች፤ እናቷን እንኳ ከነበረከታቸው ረገመች። ሚኒባሱ የመጨረሻውን ዳገት ሲወጣ የሚረገም ሰው አለቀባት።

ኦቦ ነጋሳ አጥር እያጠበቀ ነበር። ሲያያት ቆንጨራውን ጥሎ፣ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ተቀበላት። "ኖር፣ ኖር! ዛሬ ቀንሽ አይደለም፤ ማሩ ገና አልተቆረጠም።" ሚስቱ አዴ ወርቂቱ ከቤቱ በር ላይ ቆመው አዩዋት እንጂ አልቀረቡም። ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። ሩት ዓይን አፋር ናቸው ብላ ነበር የምታስበው።

ሩት ቆማ ተናገረች። ሚዛኑ እንደሚያጎድል፣ ሃያ ባለች ቁጥር ሃያ ሁለት እንደነበረ፣ ዛሬ እንዳወቀች። ከቦርሳዋ ያን ሁለት መቶ ሰማንያ ብርና ሌላም ያላትን ጨምራ አወጣች። "የቀረውን ሒሳብ ሠርቼ አመጣለሁ። አላወቅኩም ነበር። በእውነት አላወቅኩም።"

ኦቦ ነጋሳ መሬት መሬት አየ። "ምንም አይደለም" አለ። "ሚዛን ነው። ዕቃ ይበላሻል።"

"እኛ ግን አውቀን ነበር" አሉ አዴ ወርቂቱ።

"ወርቂቱ፣ ተይ እስቲ።"

"አልተውም! ሁለት ዓመት ተውኩ።" ከበሩ ላይ ወረዱ። አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው የተቀመጠ ነበር። "ይህ ባልዲ ካንቺ በፊት የነበረው ደላላ ጋ ሃያ ሁለት ነበር። ያ ደላላ፣ ዋጋ የሚሰብረው፣ ያ ክፉ የምትዪው፣ እሱ ሃያ ሁለት ነው የሚለው። አንቺ ጋ ሃያ ሆነ። እኔ ለዚህ ለባሌ ነገርኩት። እሱ ምን አለኝ? 'የተማረች ልጅ ናት፤ ሚዛኗ መብራት አለው፤ ከመብራት ጋር እንከራከራለን?' አለኝ።"

"ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?"

"ብንነግርሽ ምን ትዪ ነበር?"

ሩት አፏን ከፈተች። ቅድም ቢሮው ውስጥ ያለችውን አስታወሰችና ዘጋችው።

"ባለፈው ግንቦት" አሉ አዴ ወርቂቱ፣ "ሁለት ባልዲ ይዘሽ ልትሄጂ፣ አርባ ኪሎ ነው የታዘዝኩት አልሽ። ሁለተኛውን ባልዲ መዝነሽ 'ሁለት ኪሎ ይጎድላል' አልሽ። ቆመሽ ጠበቅሽ። ሰዓትሽን አየሽ። እኔ ጓዳ ገብቼ የሸክላውን ማር አወጣሁልሽ። ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይላታል። ትንሽ፣ አፏ በጨርቅ የታሰረ ገንቦ ነበረች። ሩት እንዲያውም "እንዴት ደስ ይላል፣ መጠባበቂያ አላችሁ" ብላ ስቃ ነበር።

"ያ የልጄ ነበር። በሰኔ ወለደች፤ የመጀመሪያዋ ነው። አራስ ልጄን ባዶ እጄን ጠየቅኋት። አማቶቿ አዩኝ። ማር ቆራጭ ባል እያለኝ፣ ባዶ እጄን።" ድምፃቸው ተሰበረና ወዲያው ጠነከረ። "ብሩን መልሺው። እኔ ብር ይዤ አይደለም አራስ የምጠይቀው። የወሰድሽው ማር ነው።"

ሩት የዘረጋችው ገንዘብ እጇ ላይ ቀረ። ለአንድ አፍታ እዚህም ለመጮህ ምንም አልቀራት፤ ከደላላው የተሻለ እንደከፈለች፣ በዝናብ ጭምር እየመጣች እንደገዛች፣ ትርፉም እኮ የመላኪያውን ወጪ እንኳ እንደማይሸፍን ለመናገር። ንዴቱ እንደ ቅድሙ ነው የመጣው፤ የሚያርፍበት ሰው ግን አላገኘም።

ስልኳ ጮኸ። ሔራን ነበረች፣ የአዲስ አበባዋ ደንበኛ፤ ሁለቱንም ካርቶን ያዘዘችው።

"ሩትዬ፣ ተላከ? የእህቴ ምርቃት ቅዳሜ ነው፣ እንዳታዋርጂኝ።"

"አልተላከም" አለች ሩት።

"እንዴ! ነገ ይደርሳል አላልሽኝም?"

"ብዬሽ ነበር። አይደርስም። ገንዘብሽን ዛሬ እመልስልሻለሁ።"

"ምን ዓይነት ቀልድ ነው? ሌላ ሰው ዋጋ ጨምሮ ወሰደው አይደል? እጽፍልሻለሁ! ልክ እንደ አዳማዋ ልጅ ፌስቡክ ላይ እጽፍልሻለሁ!"

"ጻፊ" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሁለቱን ካርቶኖች ከአጥሩ ሥር አንስታ ወደ በሩ አስጠጋቻቸው። ከዚህ ቤት ከሃያ ባልዲ በላይ ወስዳለች። አሥራ ሁለት ጠርሙስ የዕዳውን ግማሽም አይሞላ ይሆናል፤ ሒሳቡን በቅጡ ገና አልሠራችውም። ይህን ለራሷ ስትናገር ኦቦ ነጋሳ ጠጋ ብሎ፣ "ልጄ፣ ሰው ያዘዘውን ነው፤ ላኪው። የኛን በሌላ ቀን" አላት።

ሩት ወደ ሚስቱ ዞረች።

"አዴ ወርቂቱ፣ ቢላዋ ይኖርዎታል?"

አዴ ወርቂቱ ገብተው ቢላዋና አንድ ባዶ ባልዲ ይዘው ወጡ። ቢላዋውን ሰጧት፤ ባልዲውን ግን መሬት አላስቀመጡትም፤ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ፊት ለፊቷ ቆሙ። ፊታቸው አልተፈታም።

ሩት ትናንት በጥንቃቄ ደራርባ የለጠፈችውን ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አወጣች፤ "በቀጥታ ከገበሬው" የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ ላጠችው፤ ክዳኑንም ከፈተች።

"ቀስ ብለሽ ገልብጪው" አሉ አዴ ወርቂቱ። "ጠርሙሱ ላይ የሚቀር እንዳይኖር።"