የኮመጠጠው የዱባ ቢራ

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ወንድሜ ዌንደል ስድስት ዓመት ሙሉ ከአገራችን ከአሜሪካዋ ቨርሞንት የጠፋው በእኔ ቡጢ ነው። እናታችን ታማ ስታስጠራው መጣና ገና ከበር ላይ እንዲህ አለኝ፦

«ሆሊስ፣ አንዴ እጅህን ብታነሳብኝ ዳግም አታየኝም።»

ማልኩለት። እናታችንም ልጆቼ ሳይታረቁ አልሞትም ብላ ስለያዘችን፣ ለከተማችን የጥቅምት የቢራ በዓል አብረን የዱባ ቢራ ጠመቅን። ትልቅ ዱባ ተፈልፍሎ፣ ውስጡ በፈላ ውሃ ተለብልቦ፣ ቢራው ይሞላበትና ክዳኑ በሰም ይታሸጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሕዝብ ፊት ተቀምሶ ይዳኛል። ዱባው የኔ ሥራ ነበር፤ ቀረፋውና ቅርንፉዱ የዌንደል።

በበዓሉ ቀን እናቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ አደባባዩ ዳር በቆመው መኪናዋ ውስጥ ሆና ታየናለች። ቢራው የሚቀዳበትን ቧንቧ በእንጨት መዶሻ እየመታሁ ዱባው ላይ ሰካሁት። አረፋው ፊቴ ላይ ተረጨ። ጠጪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀመስኩት። ኧረ በስመአብ! ምላሴን አኮማተረው።

ጎረቤታችን ሩፈስ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ ጎንጨት አለና ተፋው።

«ጎበዝ፣ ሰላጣ ያለው አለ? ሆሊስ ኮምጣጤ አምጥቷል!»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ወደ ዌንደል ዞርኩ።

«ምን ጨመርክበት?»

«ቅመሙን ነዋ! ሌላ ምን ልጨምርበት?»

«ውሸታም! በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው!»

«ተው ሆሊስ። እማዬ እያየችን ነው። መዶሻውን አስቀምጥ።»

አላስቀመጥኩም። በመዶሻው ፊቱን መታሁት፤ መንጋጋው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ ብርጭቆው ሁሉ ተንኮታኮተ። ላዩ ላይ ወጥቼ በቡጢ ደበደብኩት። ሩፈስ ሊገላግል ቢመጣ በክርኔ አፍንጫውን አደማሁት። በመጨረሻ አራት ሰው ተረባርቦ መሬት ላይ ደፋኝ።

የቢራው ዳኛ ወይዘሮ ቴልማ፣ ሰማንያ ያለፋቸው አሮጊት፣ ስብርባሪውን ተራምደው መጡ። ከቧንቧው ቀድተው ቀመሱ፣ አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት።

«አንተ ልጅ፣ ዱባውን ለብልበኸዋል?»

ፊቴን አዞርኩ።

«ለብልበኸዋል ወይ ነው የምልህ!»

«አልለበለብኩም። ቸኩዬ... ምን ያመጣል ብዬ...»

«ያኮመጠጠው እሱ ነዋ! ጥሬ ዱባ የራሱ እርሾ አለው። ወንድምህ ምን አጠፋ?»

ሰዎቹም ለቀቁኝ። እየዳኽኩ ዌንደል እግር ላይ ተደፋሁ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ብቻ ነው። እባክህ አትሂድብኝ።»

መንጋጋው ተንጠልጥሎ ደም ያንጠባጥባል። መናገር አልቻለም። ቀስ ብሎ እግሩን ከእጄ አወጣ። ሩፈስ፣ የራሱ አፍንጫ እየደማ፣ ደግፎ ወደ እናቴ መኪና ወሰደውና የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ራሱ መሪውን ያዘ።

ሮጬ የእናቴን መስኮት ያዝኩ።

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት ከሆነ እኔም ልምጣ።»

«ከሐኪም ቤት በኋላ እሱ ወደሚኖርበት አገር አብሬው እሄዳለሁ።»

«እኔስ? እኔን ለማን ትተሽ?»

«ልጄ ነህ፤ አልረግምህም» አለችኝ። «ግን ስሞት አጠገቤ እንዳትቆም።»

መስኮቱን ዘጋችው።